ሕመምተኛው ከመድረሱ በፊት መልእክቱ ይድረስ
ፈጣን የኤሌክትሮኒክ ማሳወቂያና የሕክምና ቅብብሎሽ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

አንዲት እናት በቡልቡላ አቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ በሌሊት ወለደች እንበል። ሕፃኑ ደኅና ነው፤ የእናቲቱ ደም ግን አልቆመም። አዋላጅ ነርሷ የምትችለውን ሁሉ አድርጋ፣ የሪፈር ወረቀት ጽፋና አምቡላንስ ጠርታ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ትልካታለች። እዚያ ሲደርሱ ለእናቲቱ የሚሆን ደም አልተገኘም፤ ሌላ ወረቀት ተጽፎ ጉዞው ወደ አዳማ ይቀጥላል። መንገዱ በጠቅላላው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በደረሱበት በር ሁሉ ባል ወይም እኅት ወረቀቱን አውጥተው ታሪኩን እንደ አዲስ ይተርካሉ። ባለሙያውም «ማን ላካችሁ? ምን ተሰጣት? የደም ዓይነቷ ምንድን ነው?» ብሎ እንደ አዲስ ይጠይቃል።

ይህ ለምሳሌ የቀረበ እንጂ የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም። ሆኖም ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል የተላከ ቤተሰብ ያለው ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ከባድ ደም ሕክምና ካላገኘ በአማካይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ «መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጎን ለጎን «ከእናቲቱ በፊት ወሬዋ ደርሶ ነበርን?» የሚለውም መጠየቅ ይኖርበታል።

ይህ ጽሑፍ ስለ ሕመምተኛው የሚነገረው መረጃ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ወዲያውኑ ለሚመለከተው ባለሙያ የሚደርስበት አሠራር ምን እንደሆነ፣ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለምን አስፈላጊ እንደሆነ፣ ምን ሊያደናቅፈው እንደሚችልና ተገልጋዩ ከወዲሁ ምን ማድረግ እንደሚችል ይተነትናል።

የቅብብሎሹ መዋቅር

የአገራችን የጤና አገልግሎት በሦስት እርከን የተደራጀ ነው። በመጀመሪያው እርከን ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይገኛሉ። በመመሪያው መሠረት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰዎችን፣ አንድ ጤና ጣቢያ በገጠር ከ15,000 እስከ 25,000 በከተማ ደግሞ እስከ 40,000 ሰዎችን፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሰዎችን እንዲያገለግል ታስቦ ይቋቋማል። በሁለተኛው እርከን የሚገኘው አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ በሦስተኛው እርከን የሚገኘው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ የታሰበ ነው።

ይህ መዋቅር እንደ መሰላል ነው። መሰላሉ የሚሠራው ግን ደረጃዎቹ እርስ በርስ ሲያያዙ ነው። ከአዲስ አበባ 99 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አዳማ የብዙ መንገዶች መገናኛ ናት። ቀድሞ የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል በሚል ስም ይታወቅ የነበረው የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ከከተማዋ ነዋሪ በተጨማሪ ከወለንጪቲና ከመተሐራ፣ ከመቂና ከባቱ፣ ከአርሲና ከአፋር አቅጣጫ የሚመጡ ሕሙማንን ይቀበላል። በዚሁ መስመር ቀንና ሌሊት ከባድ ተሽከርካሪዎች ስለሚመላለሱ በመንገድ አደጋ የተጎዱ ሰዎችም ሳይታሰብ በአንድ ጊዜ ሊመጡ ይችላሉ። ዝግጁ ሆኖ መጠበቅና ድንገት መቀበል በሕመምተኛው ዕጣ ላይ የሚያመጡት ልዩነት ከፍተኛ ነው።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻ በ2008 ዓ.ም. 26 በመቶ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. 48 በመቶ ደርሷል። ባለሙያዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚሏቸው ወደ ሕክምና ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ ተቋሙ ጋ ለመድረስ መዘግየትና ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ናቸው። እናቶች በብዛት ወደ ተቋም በመጡ ቁጥር የሦስተኛው መዘግየት ክብደት እየጨመረ ይሄዳል። ቤተሰቡ የድርሻውን ተወጥቶ ከበሩ ደርሷል፤ ከዚያ ወዲያ የሚፈጀው ጊዜ የተቋማቱ ኃላፊነት ነው።

ለወረርሽኝ የሠራው ለአንድ ሰውስ?

ፈጣን ማሳወቂያ ለአገራችን የጤና ሥርዓት እንግዳ አይደለም። በኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቁጥጥር መመሪያ መሠረት እንደ ኮሌራ፣ ኩፍኝና ፖሊዮ ያሉ በሽታዎች ሲጠረጠሩ ወዲያውኑ ሪፖርት መደረግ አለባቸው። መረጃው ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ በ30 ደቂቃ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ በሌላ 30 ደቂቃ፣ እንዲሁ ደረጃ በደረጃ እስከ ክልልና ፌዴራል ድረስ እንዲተላለፍ መመሪያው ያዝዛል። እንደ ወባ ያሉት ደግሞ በየሳምንቱ ይጠቃለላሉ።

ስምጥ ሸለቆ በዚህ ረገድ የቆየ ልምድ ያለው አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ከተቋቋመ በኋላ በነበረው ዘመን የያኔዋ ናዝሬት የወባ ሠራተኞች የሚሠለጥኑባት ከተማ ሆና አገልግላለች። የወባ ጉዳይ ዛሬም አላበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። እንዲህ ያለውን ቁጥር በወቅቱ ማወቅ የተቻለው በየጤና ኬላው የሚሰበሰበው መረጃ ወደ ላይ ስለሚፈስ ነው።

ልዩነቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የወረርሽኝ መረጃ ወደ ላይ የሚፈሰው ለውሳኔ ሰጪዎች ሲሆን ስለ ብዙ ሰዎች ድምር ይናገራል። የሕክምና ቅብብሎሽ መረጃ ግን ወደ ጎን፣ ከአንድ ባለሙያ ወደ ሌላው መሄድና ስለ አንድ ሰው መናገር ይኖርበታል። የመጀመሪያው መንገድ በደቂቃ ተለክቶ በመመሪያ ሲታዘዝ ሁለተኛው በአብዛኛው በቤተሰብ እጅ በሚያዝ ወረቀት ላይ ቆይቷል። በሆስፒታሎች የሊያዞን ክፍል የተቋቋመው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። የክፍሉ ባለሙያዎች አልጋ መኖሩን ይጠይቃሉ፣ በስልክ ይደዋወላሉ፣ የሚላከውንና የሚመጣውን ሕመምተኛ ይመዘግባሉ። የስልክ ጥሪ ግን ተቀባዩ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ከሆነ አይነሣም፤ ቢነሣም የተባለው ነገር በጽሑፍ አይቀርም።

ትክክለኛ ማሳወቂያ ምን ይመስላል?

የኤሌክትሮኒክ ማሳወቂያ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ላይ ብልጭ የሚል መልእክት ብቻ አይደለም። ሥራውን እንዲሠራ አራት ነገሮች ሊሟሉለት ይገባል። አንደኛ፣ ሕመምተኛው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደገጠመው፣ ምን እንደተደረገለትና ምን እንደሚያስፈልገው በአጭሩ መያዝ አለበት። ሁለተኛ፣ በዚያ ሰዓት ተረኛ ለሆነ፣ በስም ለሚታወቅ ባለሙያ መድረስ አለበት። ሦስተኛ፣ ተቀባዩ «ደርሶኛል፤ እንቀበላለን» ወይም «ቦታ የለንም፤ ወደ ሌላ ይላክ» የሚል መልስ መስጠት አለበት። አራተኛ፣ በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ መልስ ካልመጣ መልእክቱ ራሱ ወደ ቀጣዩ ኃላፊ መተላለፍ አለበት።

ከአራቱ ዋነኛው መልሱ ነው። መልስ የሌለው መልእክት ላኪውን «አሳውቄያለሁ» ብሎ እንዲዘናጋ ከማድረግ በቀር ለሕመምተኛው የሚጨምርለት ነገር የለም። «ቦታ የለንም» የሚለው መልስ እንኳ ዋጋ አለው፤ አምቡላንሱ መንገድ ሳይጀምር ከተሰማ የሁለት ሰዓት ድካም ያስቀራል።

እንዲህ ያለው ማሳወቂያ በተለይ በሦስት ቦታዎች ሕይወት ያድናል።

የመጀመሪያው ድንገተኛ ቅብብሎሽ ነው። በመግቢያው ያነሣናት እናት ገና አምቡላንስ ላይ ስትወጣ መልእክቱ ቢደርስ ኖሮ የመጀመሪያው ሆስፒታል ደም እንደሌለው አስቀድሞ ይናገር፣ ጉዞውም በቀጥታ ደም ወዳለበት ይሆን ነበር። ተቀባዩ ሆስፒታልም የቀዶ ሕክምና ቡድኑን ጠርቶና ደሙን አዘጋጅቶ ይጠብቃታል።

ሁለተኛው የላቦራቶሪ ውጤት ነው። በአዳማ የሚገኘው የኅብረተሰብ ጤና ምርምርና ሪፈራል ላቦራቶሪ ማዕከል ከአካባቢው የጤና ተቋማት የሚላኩ ናሙናዎችን ይመረምራል። በአገራችን ናሙና በማጓጓዝ የኢትዮጵያ ፖስታም ሲሳተፍ ቆይቷል። ናሙናው በመኪና መሄዱ ግድ ነው፤ ውጤቱ ግን በመኪና መመለስ የለበትም። ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ የሳንባ ነቀርሳን ውጤት በሁለት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ውጤቱ ወረቀት ላይ ሆኖ ቀናት ከቆየ ግን የመሣሪያው ፍጥነት ለሕመምተኛው ምንም አልጠቀመውም፤ በዚያ ጊዜም በሽታው በቤት ውስጥ ወዳሉት ሊተላለፍ ይችላል። ኤችአይቪ በደማቸው ካለ እናቶች የሚወለዱ ሕፃናትም እንዲሁ ናቸው። ቫይረሱ የተገኘባቸው ሕፃናት ሕክምና ካልጀመሩ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የመጀመሪያ ዓመታቸውን፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞታሉ። የሕፃናት ምርመራ ውጤት በአጭር መልእክት ተልኮ ጤና ጣቢያው ባለች ትንሽ ማተሚያ እንዲወጣ የተደረገበት አሠራር በአገራችን ተሞክሯል፤ የተሞከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ ከሆስፒታል ወደ ቤት መመለስ። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመምተኛ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት እናት ከአዳማ ወደ መቂ ወይም ወደ ወለንጪቲ ሲመለሱ መመለሳቸውን የአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ ማወቅ አለበት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትጎበኝ ባለሙያ አስገኝቷል። ባለሙያዎቹ በታብሌት የሚሠሩበት የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓትም ተዘርግቷል። ከሆስፒታሉ የሚወጣው ማሳወቂያ እስከዚያች ታብሌት ከዘለቀ ባለሙያዋ ማንን፣ መቼና ለምን እንደምትጎበኝ ታውቃለች።

ከሌሎች አገሮች የሚቀሰም ትምህርት

ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2009 በሙሳንዜ ወረዳ በጀመረችው አሠራር የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ነፍሰ ጡሮችን በአጭር የጽሑፍ መልእክት መዝግበው ይከታተሉ ነበር። አደገኛ ምልክት ሲታይ ማንቂያ ወደ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ይሄዳል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አላስፈለገም፤ ተራ የእጅ ስልክ በቂ ነበር። የሚያስፈልገው መልእክቱን የሚጠብቅና የሚመልስ ሰው ነው።

በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ያላቸው አብዛኞቹ ሆስፒታሎች ሕመምተኛ ሲገባ፣ ሲወጣ ወይም ሲዛወር ለመደበኛ ሐኪሙ ማሳወቂያ እንዲልኩ በደንብ ተደንግጓል። ሀብታም አገር ሆኖም በፈቃደኝነት ብቻ አልሆነም፤ ግዴታ ማድረግ አስፈልጓል።

የጥንቃቄ ትምህርትም አለ። ኮምፒውተር ለሐኪሞች በሚያቀርባቸው የመድኃኒት ማስጠንቀቂያዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጥናቶች ዳሰሳ እንዳሳየው ከማስጠንቀቂያዎቹ ከ49 እስከ 96 በመቶ የሚሆኑት ታልፈዋል። ምክንያቱ የሐኪሞች ግዴለሽነት ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ነገር «አስቸኳይ» ከተባለ አስቸኳይ የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ ማሳወቂያ መብዛት ሳይሆን መመረጥ አለበት።

ምን ሊያደናቅፈው ይችላል?

ቴክኖሎጂው ብቻውን መፍትሔ እንደማይሆን በግልጽ መነገር አለበት። መልእክት አልጋ አይፈጥርም፤ የደም ባንክ ካልሞላ ማሳወቂያ ደም አይሆንም። ይሁን እንጂ እጥረቱ የት እንዳለ ያሳያል። ስንት ጊዜ «ቦታ የለንም» የሚል መልስ ከየት እንደተሰጠ መዝገቡ ስለሚናገር ለበጀትና ለባለሙያ ምደባ ማስረጃ ይሆናል።

ሁለተኛው እንቅፋት የኤሌክትሪክና የኔትወርክ መቆራረጥ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ በአጭር የጽሑፍ መልእክት፣ እሱም ሲጠፋ በስልክ ጥሪ የሚተካ ሥርዓት ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት። የሪፈር ወረቀቱም ጨርሶ መቅረት የለበትም።

ሦስተኛው የሰው ማንነት ነው። ተመሳሳይ ስምና የአባት ስም ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በአንዱ ተቋም ያለው የካርድ ቁጥር በሌላው አይሠራም። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ፋይዳ ቁጥር ይህን ችግር ሊያቃልል ይችላል። ነገር ግን መታወቂያ ያልያዘ ድንገተኛ ሕመምተኛ በዚህ ምክንያት ሕክምና ሊዘገይበት አይገባም።

አራተኛው ቋንቋ ነው። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ የሚኖረው ሕዝብ አፋን ኦሮሞም አማርኛም ሌሎች ቋንቋዎችም ይናገራል። ለቤተሰብ የሚላከው የቀጠሮ ማስታወሻ ተቀባዩ በሚያነበው ቋንቋ ካልሆነ፣ ማንበብ ለማይችለውም በድምፅ ካልቀረበ መልእክቱ ደርሷል ማለት አይቻልም።

ምስጢርዎ የተጠበቀ ነው

የጤና መረጃ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻ መረጃ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ተርታ ይመድበዋል። የሙያ ምስጢር ማውጣትም በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል። ስለዚህ ወደ ባለሙያ የሚሄደው መልእክት ለሕክምናው የሚያስፈልገውን ብቻ ሊይዝ ይገባል።

በተለይ በቤተሰብ ስልክ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙ ቤት አንድ ስልክ ለሁሉም ነው። ስለዚህ ወደ ተገልጋዩ የሚላክ መልእክት የበሽታውን ስም ሳይጠቅስ «ውጤትዎ ስለደረሰ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ» ቢል ይበቃል። አንዲት ሴት የምርመራ ውጤቷ በባሏ ወይም በጎረቤቷ ስልክ ላይ እንዳይነበብ ከፈራች ሳትመረመር ልትቀር ትችላለች፤ ያን ጊዜ ለሕክምና የታሰበው ማሳወቂያ ከሕክምና ያርቃታል።

ተገልጋዩ ከወዲሁ ምን ማድረግ ይችላል?

ሥርዓቱ በሁሉም ቦታ እኩል እስኪዳረስ ድረስ የሚከተሉት ነጥቦች ለማንኛውም ተገልጋይ ይጠቅማሉ።

1. ካርድ ሲያወጡ ሙሉ ስምዎን ከነአያትዎ፣ የሚሠራ ስልክ ቁጥርዎንና የቀበሌዎን ስም በትክክል ያስመዝግቡ። ስልክ ቁጥር ሲቀይሩ ለካርድ ክፍሉ ያሳውቁ።

2. ስልኩ የጋራ ከሆነ ወይም መልእክት እንዲላክልዎ ካልፈለጉ አስቀድመው ይናገሩ።

3. ሪፈር ሲጻፍልዎ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ «የምንሄድበት ተቋም ተነግሮታል? ማን ነው የተቀበለው? የሚያስፈልገው አገልግሎት ዛሬ አለ?» ይህን መጠየቅ ባለሙያውን መጠራጠር አይደለም፤ ቅብብሎሹን ማገዝ ነው።

4. የሪፈር ወረቀቱን፣ ሲወስዱ የነበረውን መድኃኒትና የደም ዓይነትዎ የታወቀ ከሆነ እሱን ይዘው ይሂዱ። ሕክምናውን ጨርሰው ሲመለሱም ለላከዎት ተቋም የሚሰጥ የመልስ ወረቀት ይጠይቁ።

5. የምርመራ ናሙና ሲሰጡ ውጤቱ በስንት ቀን እንደሚደርስ ይጠይቁ። በቀኑ ካልሰሙ «ምንም ባይኖር ነው» ብለው አይተዉት፤ ሄደው ይጠይቁ።

6. ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት የአምቡላንስ ስልክ ቁጥር ከቀኗ አስቀድሞ ተጽፎ ይቀመጥ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ጥሪ 907 ነው። ለጤና መረጃ 952፣ ወረርሽኝ ሲጠረጠር ደግሞ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335 ያገለግላሉ።

ማጠቃለያ

ለኮሌራና ለኩፍኝ 30 ደቂቃ ቆጥሮ መረጃ የሚያስተላልፍ የጤና ሥርዓት፣ ደሟ ለሚፈስ እናትም ደቂቃ ሊቆጥርላት ይገባል። የሚያስፈልጉት ነገሮች በአብዛኛው በእጃችን ናቸው፤ በየጤና ኬላው ባለሙያ አለች፣ በየሆስፒታሉ የሊያዞን ክፍል አለ፣ ስልክም በብዙ ቤት ደርሷል። የሚቀረው እነዚህን የሚያያይዝ፣ ተቀባዩ የታወቀና መልሱ የተመዘገበ መልእክት ነው።

የአንድ ማሳወቂያ ዋጋ የሚለካው በመላኩ አይደለም። ከቡልቡላ የተነሣችው እናት አዳማ ስትደርስ በሩ ላይ ስሟን የሚያውቅ ባለሙያ ቆሞ ከጠበቃት፣ ያን ጊዜ መልእክቱ በእርግጥ ደርሷል ማለት ይቻላል።